ላሠራው ወይስ ልግዛ? የአንድ ምጣድ ሒሳብ

አከራዬ ጧት ጧት እንጀራ ጋግረው ለሰፈሩ ሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። በ2017 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቃጠል ጠሩኝና፣ «አንተ ሒሳብ ተምረሃል አይደል ልጄ? ላሠራው ወይስ አዲስ ልግዛ?» አሉኝ። ኢኮኖሚክስ ስማር እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ጥያቄ የጠየቀኝ መምህር አላስታውስም።

ጥያቄው የጓዳ ቢመስልም የገበያ ነው። ለእርሳቸው ምጣዱ የቤት ዕቃ ሳይሆን ካፒታል ነው። ብዙ ሰው የሚከተለው ልማድ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካልሞላ ማሠራት ነው። ይህ ስሌት ዕድሜን ይረሳል። ለምሳሌ ያህል አዲሱ 8,000 ብር ተገዝቶ አራት ዓመት ቢያገለግል፣ የአንድ ዓመት አገልግሎት 2,000 ብር ወጣበት ማለት ነው። 1,500 ብር የወጣበት ጥገና አራት ወር ብቻ ቢቆይ ግን የዓመቱ ወጪ 4,500 ብር ይሆናል። ርካሽ የመሰለው ጥገና ከአዲሱ ከእጥፍ በላይ አስከፈለ። ምጣዱ ሥራ ፈትቶ የቆመበት ቀን ገና አልተቆጠረም።

«ይህን ሁሉ አውጥቼበት እንዴት ልጣለው?» ሲሉም ነበር። ነጋዴ ሁሉ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። የወጣው ወጥቷል፤ ብታሠሩትም ብትጥሉት አይመለስም፤ ስለዚህ ከሒሳቡ ውጪ ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ሲኒ ቡና ፈጅቶብኛል፤ ያመኑኝም አይመስለኝም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ይህ ሒሳብ ሌላ መልክ ነበረው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በዚያን ዕለት ዋዜማ የባንኮች ዋጋ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምጣዱ አልሙኒየም፣ የማሞቂያ ሽቦውና ማብሪያ ማጥፊያው መነሻቸው ከውጭ ነው። ሸክላው፣ ጀሶውና የሠሪው ጉልበት ግን የአገር ውስጥ ናቸው። ዶላር ሲወደድ አዲስ ዕቃ ከጉልበት ይልቅ ፈጥኖ ይወደዳል። ስለዚህ ዛሬ ጥገና ከድሮው የተሻለ ዕድል ሊሰጠው ይገባል፤ ጥገናው በእርግጥ ጥገና ከሆነ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አከራዬ ሁለት ጊዜ የከፈሉበት ጥገና፣ ሠሪዎቹ ሬዚስታንስ የሚሉትን የተበጠሰ ሽቦ ጫፍ ለጫፍ አጠማዝዞ በጀሶ መሸፈን ነበር። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ያሳልፋል፤ ይህም የተለመደው የቤት ሶኬት የሚችለው የመጨረሻ መጠን ነው። የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ ሽቦው ሲያጥር ደግሞ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል። አንድ አሥረኛው ከቀነሰ ወደ 18 አምፔር ይጠጋል። የተጠማዘዘው ቦታ ከሌላው አብልጦ ይግላል፤ እዚያው ይበጠሳል። ሦስተኛው ብልሽት ሶኬቱን ጭምር ያቀለጠው በአጋጣሚ አልነበረም።

መብራትም አለ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ በአራት ዓመት እንዲጠናቀቅ ተወስኗል። ፍጆታ በጨመረ ቁጥርም የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ በደረጃ ከፍ ይላል። ሸክላው ተሰንጥቆ፣ ሥሩ ያለው መሙያ ረግፎ ሙቀቱን ወደ ታች የሚያፈስ ምጣድ ባለቤቱን በየወሩ ያስከፍለዋል። ለአንድ ቤተሰብ በሳምንት አንዴ ለሚጋግር ልዩነቱ ትንሽ ነው። በየቀኑ አራት ሰዓት ለሚጋግር ሰው ግን 14 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛ ባከነ ማለት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የወሰንነው ከሁለቱ መካከል ነበር። አሮጌው አካል ደህና ስለነበረ እርሱን አስቀርተን አዲስ ሸክላ፣ ሙሉ አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ገመድና ሶኬት አስገባን። ከመጠማዘዙ ጥገና በብዙ ይወደዳል፤ ከአዲሱ ግን ይረክሳል። አሮጌውን ሽቦ ቆራሌው ወሰደው።

ሠሪውን ለስንት ጊዜ ዋስትና እንደሚሰጥ ስንጠይቀው ሳቀ። በጀሶ የተሸፈነውን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ ከፋዩ የሚያየው የጋለ ምጣድ ነው። ጥሩ ሠሪና መጥፎ ሠሪ በአንድ ዋጋ የሚሸጡበት ገበያ ጥሩውን ያከስራል። አስመጪዎቻችን ዕቃውን ያመጣሉ፤ መለዋወጫውን ግን ይረሱታል። ደረሰኝ ላይ የሽቦውን ውፍረት ጽፎ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ መልሶ፣ ለስድስት ወር የሚፈርም የጥገና ሱቅ የከፈተ ሰው ወረፋ ያጣል ብዬ አላስብም።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ዋስትና ቢያገኙ ምን ያህል ጨምረው እንደሚከፍሉ አከራዬን ጠይቄያቸው ነበር። ብዙም አላሰቡ። «ምጣዱ ተበላሽቶ ሦስት ቀን ሳልጋግር የቀረሁበትን» አሉኝ።