የዳባት ድርሻ ስንት ይተመናል?

ከአዲ አርቃይ ተነስቶ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ የወጣ መኪና ደባርቅ ላይ ትንፋሹን ይሰበስባል። ዳባት ከዚያ ሩቅ አይደለችም። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ከማይ አይኒና ከአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የተፈናቀሉ ኤርትራውያን ስደተኞች ይህን አቀበት ወጥተው ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ላይ ሰፍረዋል። ጣቢያው ከ20 ሺህ በላይ ሰው አስጠልሏል።

ስደተኛን በገበያ እንከፋፈል የሚለው ሐሳብ ያረጀ ነው። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ፒተር ሸክ እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡት እንዲህ ነበር፦ አገሮች እንደ አቅማቸው ኮታ ይውሰዱ፤ መቀበል ያልፈለገ ለሚቀበልለት ይክፈል። ሰው እንደ በርበሬ ሚዛን ላይ ሊወጣ ነው ወይ የሚሉ ተቆጡ። ቁጣው ይገባል። ግን ግብይቱ መቼ ቆሞ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2016 አውሮፓ ስደተኞችን እንድትይዝላት ለቱርክ እስከ 6 ቢሊዮን ዩሮ ቃል ገባች። ብሪታንያም ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ለመላክ ለያዘችው ዕቅድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ አፍስሳ በ2024 ሰረዘችው።

በዚያው ዓመት የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት የፍልሰት ስምምነት ደግሞ ዋጋውን በይፋ ቆርጦታል። ድርሻውን በመቀበል ፈንታ በገንዘብ መወጣት የሚሻ አባል አገር በአንድ ሰው 20 ሺህ ዩሮ ይከፍላል። በዚህ ሒሳብ የአለምዋጭ 20 ሺህ ሰው 400 ሚሊዮን ዩሮ ያወጣል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለመላ ኢትዮጵያ የታሰበው የሥራ ዕድል ስምምነት 500 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ያውም 100 ሺህ ሥራ ተፈጥሮ 30 ሺሁ ለስደተኞች እንዲሰጥ። ብራስልስ ለተቀመጠ እዳው ገብስ ነው።

ለዳባት ግን ማን ተጫረተላት? አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት ከፍቷል፤ መልካም አደረገ። ውኃውንና ማገዶውን የሚጋራው ግን አዋጁ ሳይሆን ጀሪካን ተሸክማ ወረፋ የምትይዘው የዳባት ሴት ናት፤ ከፊቷም ከኋላዋም የቆመችው ስደተኛዋ ናት።

እንግዲህ ገበያ ከሆነ ገበያ ይሁን፤ ሻጩም ይታወቅ። ክፍያው መንገድ ላይ ሳይቀር ለወረዳው የውኃ መስመር፣ ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያው ይድረስ። ስደተኛውም ይጠየቅ፦ ኢኮኖሚስቶቹ ሞራጋና ራፖፖርት በሸክ ሐሳብ ላይ የጨመሩት ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ሰውየው የሚመርጠው አገር ይመዝገብና ከአገሮቹ ፍላጎት ጋር ይጣመር። አለምዋጭ ያለች እናት ልጇ ስዊድን ከሆነ፣ ቅጹ ላይ ስዊድን ብላ የምትሞላበት መስመር ይኑራት።