የሕፃናት ሐዘንና የካርቶን ግድብ

የሕዳሴው ግድብ የቆመው በጉባ ወረዳ ነው፤ የወረዳው ከተማ ማንኩሽ ናት። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የግድቡ መሠረት ሲጣል በማንኩሽ የተወለደ ሕፃን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ዐሥራ አራት ዓመት አልፎታል። በመካከሉ ሁለት መርዶ ሰምቷል። በሰባት ዓመቱ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የግድቡ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። በዘጠኝ ዓመቱ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በዚያው በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ቤቱን ጥሎ ወደ ቻግኒ ተሰደደ።

እንዲህ ላለ ልጅ የአገር ፍቅር የእጅ ሥራ ተብሎ የሚቀርብለት ምንድን ነው? ባለ ሦስት ቀለም ወረቀት፣ ሙጫና መምህሩ አስቀድሞ በእርሳስ ያሰመረው የካርቶን ግድብ። ልጁ በመስመሩ ላይ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፤ ሥራው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እንግዳ መጥቶ ያጨበጭባል። የቱ ግድብ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ግን አይለይም፤ አርባውም አንድ ዓይነት ነውና። ይህን ዕደ ጥበብ ብሎ መጥራት ድፍረት ነው። የአዋቂዎች ጭንቀት በልጅ እጅ ሲሸፈን ነው የሚታየው።

የዚህ አሠራር ጠበቆች ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። አንደኛው፣ ሕፃን ስለ ሞት አይነገረውም የሚል ነው። ልጁ ግን ሰምቷል። በአንድ ወንበር አብሮት ይቀመጥ የነበረው ጓደኛው ለምን እንደቀረ ያውቃል፤ የማያውቀው ስለዚሁ መናገር ይፈቀድለት እንደሆነ ነው። ሁለተኛው መከራከሪያ ይከብዳል። የጉሙዝ፣ የአማራ፣ የአገው፣ የሺናሻና የኦሮሞ ልጆች በተቀላቀሉበት ክፍል ሐዘን ቢነሣ ቂም ይቀሰቀሳል ይላሉ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ነገር ግን እነዚያው ልጆች በክፍል ውስጥ ያልተነገረውን በየቤታቸው ይሰሙታል፤ በየቤቱ የሚቆጠረው ደግሞ የየራስ ወገን ሙት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች በቴሬዚን ያጎሯት ሠዓሊት ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ፣ አብረዋት ለታጎሩት ሕፃናት ሥዕል ስታስተምር በየሥራቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። እርስዋ በ1944 በኦሽቪትዝ ተገደለች፤ ከልጆቹም አብዛኞቹ አልተረፉም። ከ4,000 የሚበልጡ ሥዕሎች ግን ፕራግ ውስጥ ተጠብቀው ይገኛሉ፣ ስማቸውን እንደያዙ። የአርባው ካርቶን ስም አልባነት ቀላል ጉድለት ያልሆነው ለዚህ ነው።

ለቁሳቁሱም ቢሆን ከመሐል አገር ካርቶን መጠበቅ አያስፈልግም። ክልሉ በቆላ ቀርከሃ የታወቀ ነው፤ የጉሙዝ ቤት የሚሠራው በእርሱ ነው፤ የጉሙዝ እናቶች ሸክላ መሥራት ያውቁበታል። ወደ አሶሳ በኩል ደግሞ በርታዎች ዋዛ የሚሉት ከቅል የሚሠራ ጥሩምባ አለ። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን አንዲት ድምፅ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ዜማው የሚገኘው ከሁሉም ነው። ስለ አንድነት ከዚህ የተሻለ መርሐ ግብር የጻፈ ካድሬ እስካሁን አልተገኘም!

የአገር ፍቅር ይቅር ያለ የለም። ተማሪው ሳይቀር ለግድቡ ከኪሱ አውጥቶ ቦንድ ገዝቷል፤ በጉባም ለውሃው ቦታ የለቀቁ መንደሮች አሉ። ይህን የሚያውቅ ልጅ የ145 ሜትሩን ግድብ በጭቃ ሲሠራ፣ ከሥሩ የተነሣችውን መንደር፣ ከአናቱ የሞቱትን መሐንዲስ፣ ከጎኑ ሰው የሌለበትን የበኩጂ ቤት ሊያስቀምጥ ይችላል። ሰንደቅ ዓላማም ሊተክልበት ይችላል፤ የት እንደሚተከል የሚወስነው ግን እርሱ ነው። መምህሩ ጭቃውን ያቅርብ፣ ይጠይቅ፣ ያዳምጥ። ውድድርና ሽልማት ይቅር፤ ልጁ ካልፈቀደም ሥራው ለእንግዳ አይታይ።

እንዲህ ያለ መምህር በመመሪያ አይፈጠርም። በግልገል በለስ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አንዲት ጭቃ ማቡካት የምታውቅ የጉሙዝ እናት፣ እንደማንኛውም አስተማሪ ተከፍሏት፣ በሠልጣኞች ፊት ብትቀመጥ ወጪው የሴሚናር አበል ከሚፈጀው አይበልጥም። ሠዓሊያኑም ለበዓል ዐውደ ርእይ ብቻ ደርሰው ከመመለስ፣ አንድ መንፈቅ ሙሉ በማንኩሽ ከልጆቹ ጋር ይቀመጡ።