ሜርኩሪ በኪሎ ስንት ነው?

የሮቤ እህል ነጋዴ ስንዴ ሲገዛ ሚዛኑን ብቻ አያይም። ከጆንያው እፍኝ ያወጣል፤ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ የማካሮኒውን ከዳቦው ይለያል። ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት ኩንታል ዋጋቸው የሚለያየው በዚሁ ነው። ይኸው ሰው ግን ከአባቱ ቤት አሮጌ የነሐስ ሐውልት ቢያገኝ ለቁራሌው በኪሎ ሊሸጠው ይችላል።

ዕቃው የማይገኝ አይደለም። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች፤ የሹማምንት ሳሎን የፈረንጅ ጌጥ አያጣም። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የፓሪስ ቀላጮች የግሪክና የሮማ አማልክትን ለጠረጴዛ በሚሆን ልክ እያሳነሱ ለዓለም ሲቸበችቡ ኖረዋል። የግድግዳ ወረቀት ነጋዴ የነበረው ባርብድየን በ1838 እ.ኤ.አ. ከኮላ ጋር ሽርክና የገባው ለዚሁ ነው፤ የኮላ መኪና ትልቁን ሐውልት ሳያዛባ ያሳንሳል። በብዛት ከተባዙት አንዱ የፍላንደርስ ተወላጁ ጃምቦሎኛ በ16ኛው መቶ ዘመን የሠራው ባለክንፍ እግሩ ሜርኩሪ ነው። (የሮማውያን የንግድ አምላክ ነውና በኪሎ መሸጡ ነውር ነው።)

ብዛቱ ዋጋውን ይጥላል። የሚያነሳው የቀላጩ ማህተም፣ የቀራፂው ፊርማ፣ ያልተነካ የጥንት መልኩና ከማን እጅ ለማን እንደተላለፈ የሚናገር ወረቀት ነው። በሎሚና በአመድ ከታሸ ዋጋውም አብሮ ይታጠባል። ነሐስ እንዲመስል የተቀባ ዚንክም ሞልቷል፤ ከታች ጥቂት ሲጫር ግራጫው ይወጣል።

የባለቤትነት ታሪክ ምን እንደሚያደርግ የለገሐሩ አንበሳ ምስክር ነው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ የሠራው ይህ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓሉ ቆመ፤ ጣሊያኖች ሮም ወሰዱት፤ ዘርአይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. የተቆጣው በእሱ ፊት ነው። የማን እንደሆነ የሚያከራክር ስላልነበረ ከዓመታት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዩሮ የሚተመን ዕቃ በብር ሲሰላ ከብዷል። ይህን ሰምቶ የስንዴውን ገንዘብ በሐውልት ላይ ማፍሰስ ግን ሞኝነት ነው። ሮቤም ሆነ ጎባ፣ ባለቤቱ ብር በቸገረው ዕለት ሜርኩሪን የሚገዛ የለም፤ ኢሱዙ ይሻላል። በእጁ ያለው ሰው ግን አይቸኩል። ማህተሙን ፎቶ አንስቶ ለውጭ ጨረታ ቤቶች ይላክና ግምት ይጠይቅ። ወደ ውጭ ለመላክ ካሰበ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ያማክር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላልና፣ «የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚለው ክርክር ቦሌ ጉምሩክ ላይ ሲጀመር ረፍዷል።