የጓዳችን ጉዳይ፦ ዝናብ በማይለቅበት አገር ፍራፍሬ ማድረቅ



ማንጎ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ልጆች ጠግበው፣ ለጎረቤት ታድሎ፣ ገበያም ወጥቶ ይተርፋል። መንገዱ በጭቃ ሲያዝ ከቱም ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚወጣ መኪና ይጠፋና የተረፈው እዚያው ጓዳ ውስጥ ይበሰብሳል። ኢስራፍን የሚከለክል ሃይማኖት ላለን ሰዎች ይህን እያዩ ዝም ማለት ይከብዳል። ስለዚህ በዚህ ወር ፍራፍሬና አትክልትን በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ቤት ውስጥ ስለማድረቅ እንነጋገራለን።

ማድረቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን በርበሬውን፣ ኮረሪማውን፣ ቋንጣውንና ድርቆሹን ሲያደርቁ እያየን አድገናል። የጎደለን ፀሐይ ነው። ደቡብ ምዕራቡ ከአገራችን ዝናብ የሚበዛበት አካባቢ ነው። ቡና ዝናብ ሲመጣ ተሸፍኖ፣ ሲያባራ ተገልጦ ይደርቃል። የተቆረጠ ማንጎ ግን ውሃው ብዙ ስለሆነ እንዲህ ያለውን መጉላላት አይችልም፤ ሳይደርቅ ይሻግታል።

ማድረቂያው ተደራራቢ ወንፊት መሳይ ትሪዎች፣ ማሞቂያና ማራገቢያ ያሉት ሣጥን ነው። አየር ሲሞቅ እርጥበት የመሸከም አቅሙ ይጨምራል፤ ማራገቢያው ያን አየር በትሪዎቹ መካከል እየነዳ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያወጣዋል። በመሆኑም ውጭ ዝናብ እየዘነበም ይሠራል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስህተት እንንገራችሁ። ከጅዳ የተመለሰች እህታችን ይህን ዕቃ ስታመጣልን፣ ቶሎ እንዲደርቅ ብለን ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግነው። ማንጎው በጥቂት ሰዓት የደረቀ መሰለ፤ ደስ ብሎን በጠርሙስ አሸግነው። በሁለተኛው ሳምንት ስንከፍተው ሻግቷል። ለካስ ላዩ ቀድሞ እንደ ቆዳ ጠንክሮ የውስጡን ውሃ መውጫ አሳጥቶት ኖሯል። ሙሉውን ጣልነው። ሻጋታ የታየበትን መርጦ መብላት አይገባምና።

ከዚያ ወዲህ የምንሠራው እንዲህ ነው። እጅንና ቢላዋን በሚገባ አጥበን፣ ፍሬውን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት እኩል አድርገን እንቆርጣለን። ሙዝ እንዳይጠቁር ሎሚ በጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክረን እናወጣዋለን። ካሮትና ጎመን ደግሞ በፈላ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ገንፈል ይደረጋሉ። ቁራጮቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ ይደረደራሉ፤ ሙቀቱ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። እንደ ፍሬው ዓይነት ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አቮካዶ ግን አይሞከር፤ ቅባቱ ብዙ ስለሆነ ሲቆይ ጣዕሙ ይበላሻል።

መድረቁን በምን እናውቃለን? ሚዛን ያላት እህት በክብደቱ ትለየው። ተልጦ የተቆረጠ 1 ኪሎ ማንጎ በሚገባ ሲደርቅ 200 ግራም ገደማ፣ 1 ኪሎ ቲማቲም ደግሞ 60 ግራም ገደማ ብቻ ይቀራል። ሚዛን ከሌለ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ማንጎው ሲታጠፍ የማይጣበቅና ውሃ የማያወጣ፣ አትክልቱ ደግሞ ተሰባሪ መሆን አለበት። ፍራፍሬውን በጠርሙስ ካደረጋችሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። ጠርሙሱ ከውስጥ ጤዛ ካበጀ ገና አልደረቀም፤ ወደ ትሪው ይመለስ።

የመብራቱ ወጪስ? 500 ዋት የሆነ ማድረቂያ 10 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። የእንጀራ ምጣዳችን ከ3000 ዋት በላይ ስለሚወስድ ይኸው በሁለት ሰዓት ጋገራ ውስጥ የሚያልቅ ነው። ከውጭ አገር የምታስመጡ ግን ዕቃው 220 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ፤ በ110 የሚሠራው ሲሰካ ይቃጠላል።

ትልቁ ፈተና መብራት ሲጠፋ ነው። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ሣጥኑን ሳይከፍቱ መጠበቅ ይቻላል። ከቆየ ግን ግማሽ የደረቀውን ለነገ አታሳድሩት፤ ማንጎው ጭማቂ፣ አትክልቱ ወጥ ይሁን። መብራት የሌለው ቤትም ተስፋ አይቁረጥ፤ ዝናቡ በሚቀንስባቸው የበጋ ወራት በቀጭኑ እየቆረጡ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በስስ ሻሽ ሸፍኖ ማድረቅ ይቻላል።

ማሽኑ ደግሞ የአንድ ቤት ብቻ መሆን የለበትም። እኛ ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር በተራ እንጠቀምበታለን፤ ፍሬ ያላት ፍሬዋን ታመጣለች፣ የመብራቱን ሒሳብም እንካፈላለን። ረመዳን ሲገባ የደረቀው ቲማቲም፣ ካሮትና ሽንኩርት ለሾርባው ይደርሳል። ለትምህርት ወደ ሩቅ የሄደው ልጃችንም ከቱም ማንጎ አንድ ጠርሙስ ይላክለታል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።