ምጣዱን ማን ያሟሸው?

«ምጣዱ ሳለ አክንባሎው ተንጣጣ» ይባላል። ባለጉዳዩ ዝም ብሎ ተቀምጦ ዳር ያለው ሲንጫጫ ነው ይሄ ተረት የሚመዘዘው። እናም ከወዲሁ ልመን፦ እዚህ ጽሑፍ ላይ አክንባሎው እኔ ነኝ። ወንድ ነኝ፣ 29 ዓመቴ ነው፣ ከቤት ወጥቼ ለብቻዬ መኖር እስክጀምር ድረስ አንድ ድስት እንኳ በወጉ አጥቤ አላውቅም። አሁን ግን ስለ ብረት መጥበሻ አያያዝ ልሟገታችሁ ተነስቻለሁ። ቻሉኝ።

ነገሩ የተነሳው ሜሪላንድ፣ አንዲት ጓደኛችን ቤት፣ እራት ላይ ነው። ጥብሱ የመጣው ክዳን ባለው፣ ጥቁር፣ ከባድ የብረት መጥበሻ ነበር፤ እዚህ አገር ካስት አይረን የሚሉት። ክዳኑ ሲነሳ የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ቤቱን ሞላው። በልተን ስንጨርስ ክርክር መጣ። አንዱ «ጥብሱ አንደኛ ነው፣ መጥበሻው ግን ጣጣ ነው። ውሃ ውስጥ ካደረ ይዝጋል፣ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ዘይት ቀቡኝ ይላል። ማን ጊዜ አለው?» አለ። ሌላው ወደ ኋላ ተደግፎ «አይ የድሮ ነገር! እናቴ በሸክላ ድስት የምትሠራው ወጥ እኮ...» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

እነሱ ሲከራከሩ የጋበዘችን ልጅ መጥበሻውን አንስታ ወደ ሲንኩ ሄደች። ማንም አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ምሽት ዕዳ ነው።

ጸቤ ከሁለቱም ጋር ነው። ከጊዜ የለኝም ባዩም፣ ከናፋቂውም።

በመጀመሪያው ልጀምር። ቤታችን «ብረት ድስት» የምንለው ዕቃ አለ አይደል? ማግኔት አስጠጉበት። አብዛኛው አይዝም። ብረት ስላልሆነ ነው፤ አልሙኒየም ነው። ከሸክላው ለመለየት ብረት አልነው እንጂ ብረትነቱ ስሙ ላይ ብቻ ነው የቀረው። አልሙኒየሙ ቀለለን፣ አልሰበር አለን፣ ወደድነው። ቀጥሎ ቴፍሎን መጣ፤ ምግብ አይዝም፣ በአንድ ፎጣ ይጠረጋል፣ የበለጠ ወደድነው።

ቴፍሎን የሚባለው ነገር እ.ኤ.አ. በ1938 ነው የተገኘው። ሮይ ፕላንኬት የሚባል የዱፖንት ኬሚስት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ሲፈልግ በአጋጣሚ አገኘው። በኋላ ለምርቱ ያገለግል የነበረው ፒኤፍኦኤ የተባለ ኬሚካል ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የሰዎች የመጠጥ ውሃ ውስጥ ገባ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2017 ዱፖንትና ከእሱ የተከፈለው ኬሞርስ ወደ 3,550 የሚጠጉ ክሶችን ለመዝጋት 671 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማሙ። በ2023 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህንኑ ኬሚካል ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው። የሚኒሶታ ግዛት ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ ከዚህ ቤተሰብ የሆኑ ኬሚካሎች ሆን ተብለው የተጨመሩባቸው የማብሰያ ዕቃዎች እንዳይሸጡ ከለከለች።

አሁን እዚህ ላይ እንዳንዋሽ። «ቴፍሎን ይገድላችኋል» ልል አይደለም። ፒኤፍኦኤ አሜሪካ ውስጥ ከምርቱ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽፋኑ ራሱም በመካከለኛ እሳት ላይ ዝም ያለ ነገር ነው። ለእንቁላል ብትጠቀሙበት አልከሳችሁም። የእኔ ክስ ሌላ ነው። ይሄ ዕቃ የተሠራው እንዲጣል ነው። ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ሽፋኑ መበላሸት ይጀምራል፤ ባዶውን ትልቅ እሳት ላይ ከተውት እዚያ ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቁታል። የብረት ማማሰያ ይቧጭረዋል። አንዴ ከተላጠ መጠገኛ የለውም። እኔ ራሴ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጥያለሁ። «ጊዜ ቆጠብኩ» እያልኩ ሦስቴ ገበያ ወጥቻለሁ ማለት ነው።

ደግሞ ጥብስን አስቡ። ጥብስ ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል። ስስ መጥበሻ ላይ ሥጋ ስትጨምሩ የመጥበሻው ሙቀት ወዲያው ይወድቃል፣ ሥጋው ውሃውን ይለቅቃል፣ ከዚያ በገዛ ውሃው ይቀቀላል። ይሄ ጥብስ አይደለም፤ ቅቅል ነው። ብረት ሙቀት በማስተላለፍ ከአልሙኒየም ይዘገያል፤ እሳቱ ላይ አስር ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ መጋል አለበት። ግን ከባድ ስለሆነ አንዴ የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ቀዝቃዛ ሥጋ ሲያርፍበት አይደነግጥም። ሥጋውን በሁለት ዙር ጠበስ አድርጋችሁ፣ ሽንኩርትና ቃሪያውን ጨምራችሁ፣ ለጥቂት ደቂቃ ክዳኑን ድፉበት። የአንዳንዱ ክዳን ውስጡ ጉብጉብ ያለ ነው፤ እንፋሎቱ እዚያ ላይ ጠል ሆኖ ተመልሶ ሥጋው ላይ ይንጠባጠባል። አክንባሎ እንጀራውን ከላይ በእንፋሎት እንደሚያበስለው በሉት። ድፎ ዳቦም ይሠራበታል፤ ክዳኑን ገጥማችሁ ኦቨን ውስጥ ስትከቱት ከላይም ከታችም እሳት ያገኛል።

ጣጣውስ? እሺ፣ ጣጣው ይሄ ነው። ከበላችሁ በኋላ መጥበሻው ገና ለብ እንዳለ በሙቅ ውሃና በስፖንጅ ታጥቡታላችሁ። ሳሙና አይነካም የሚባለው የዱሮ ወሬ ነው፤ ቀድሞ ሳሙና ውስጥ የነበረው ኃይለኛ አልካሊ ሽፋኑን ስለሚልጥ ነበር። የዛሬው የዕቃ ሳሙና ምንም አይለው። ከዚያ እሳት ላይ አድርጋችሁ እስኪደርቅ፣ አንድ ጠብታ ዘይት በጨርቅ በስሱ፣ አለቀ። ሦስት ደቂቃ። ውሃ ውስጥ አታሳድሩት። ቲማቲም የበዛበት ስልስ ለሰዓት አታንተክትኩበት፤ ኮምጣጣ ነገር ሽፋኑን ይበላዋል፣ ምግቡም ብረት ብረት ይላል። ቢዝግስ? በድስት ሽቦ ፈግፍጉት፣ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ዘይት በጣም በስሱ ቀብታችሁ ገልብጣችሁ ኦቨን ውስጥ በ230 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አቆዩት። ዘይቱ ከሙቀትና ከአየር ጋር ሲገናኝ እርስ በርሱ ተሳስሮ ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ይሆናል። ምግብ እንዳይዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ደግማችሁ ደጋግማችሁ ስትሠሩበት ይወፍራል። የሚታደስ ዕቃ ነው፤ ዛገ ተብሎ የሚጣል አይደለም።

እኔም የተማርኩት እንዲህ ነው። ከዚያ እራት በኋላ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ አንድ የዛገ መጥበሻ ከነክዳኑ በ12 ዶላር ገዛሁ። ቪዲዮ እያየሁ ፈግፍጌ፣ ቀብቼ፣ ጋግሬ፣ የጭስ አላርሙን ሁለቴ አስጩኼ፣ በመጨረሻ ጥቁር መስታወት መሰለ። በኩራት እናቴ ጋ ቪዲዮ ደወልኩ።

«እማዬ፣ እይው እስቲ! ዝጎ የነበረ እኮ ነው። ዘይት ቀብተው እሳት ላይ ሲያደርጉት...»

«አሟሸኸዋ» አለችኝ፣ ጣልቃ ገብታ።

«ምን?»

«ማሟሸት ነዋ! ማን አስተማረህ?»

«ዩቲዩብ ላይ፣ አንድ ፈረንጅ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ስንት ምጣድ ሳሟሽ እዚያው ቤት አልነበርክም እንዴ?» አለች።

ነበርኩ። እዚያው ነበርኩ። አዲስ ምጣድ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ሲውል፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ሲታሸበት፣ ቤቱ በጭስ ሲሞላ፣ እኔ «በሩን ክፈቱት» ብዬ የጮህኩት ልጅ ነኝ። በየጋገራው ምጣዱ በማሰሻ ሲታሰስ አይቻለሁ። የሸክላው ቀዳዳ በጎመን ዘሩ ቅባት የሚደፈነውና የእኔ ብረት ዘይት የሚጠጣው አንድ ዓይነት ብልሃት መሆኑን ለማወቅ ግን ውቅያኖስ ተሻግሬ ከማላውቀው ሰው መማር ነበረብኝ። ቋንቋዬ ውስጥ ቃሉ አለ። «አፍ ማሟሻ» እያልኩ በየቀኑ እናገረዋለሁ። ሥራውን ግን አላውቀውም፤ ምክንያቱም ሥራው የእኔ ተደርጎ ተቆጥሮ አያውቅም።

እና አሁን ወደ ናፋቂው ወዳጄ ልመለስ። «የእናቴ ሸክላ ድስት» ብለህ ዓይንህን ስትጨፍን የምታየው ድስቱን ነው። ድስቱን ያሟሸችውን፣ በአመድ ያጠበችውን፣ እንዳይሰነጠቅ እንደ ሕፃን የያዘችውን አታይም። ወይ እናትህ ናት፣ ወይ እህትህ፣ ወይ ስሟን የረሳኸው የቤት ሠራተኛችሁ። ጊዜ የለኝም ባዩም እንዲሁ ነው። ጊዜ ኖሮን አያውቅም፤ የሌላ ሰው ጊዜ ነበረን። ያ ሰው ከጎናችን ሲጠፋ «ጣጣ» የሚል ስም አወጣንለት። አንዱ ዕቃውን ያወድሳል፣ አንዱ ዕቃውን ይሰድባል፤ ሁለቱም ግን ከጠረጴዛው አይነሱም።

«ለአንድ መጥበሻ ይሄ ሁሉ?» የሚል ይኖራል። እንግዲህ ይሄን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። የተሠራው ሰሜን ኢትዮጵያ ነው። ከ400 በላይ ትንንሽ ልጆች ያሉባቸው ቤተሰቦች በዕጣ ተከፈሉ፤ ለአንዱ ወገን የብረት ድስት፣ ለሌላው የአልሙኒየም ድስት ተሰጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ በብረቱ የተበሰለ ምግብ የበሉት ልጆች የሄሞግሎቢን መጠን ከሌሎቹ ይበልጥ ጨምሮ ተገኘ። ከድስቱ ወደ ወጡ የምትገባው ትንሽ ብረት ናት ይሄን ያደረገችው። በእኛው አገር፣ በእኛው ልጆች ላይ የታየ ነገር ነው። ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

ግን እዚህም ላይ እንዳንቸኩል። ማላዊ ውስጥ ተመሳሳይ ድስት ተሰጥቷቸው የተጠየቁ ቤተሰቦች ክብደቱንና ዝገቱን አንስተው አማርረዋል። ትክክል ናቸው። ከባድ ነው፣ ይዝጋልም። ውሃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትሸከመው፣ ልጅ ያዘለችው ሴት ላይ «ለጤና ነው» ብሎ አራት ኪሎ ብረት መጨመር ቀላል ምክር አይደለም። የሚያነሳውን ሰው ሳይጠይቅ የሚሰጥ ምክር ጥሩ የሚመስለው ለመካሪው ብቻ ነው።

ይሄን የነገረችኝ ሌላ ማንም ሳይሆን እናቴ ናት። ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት «ይከብዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከነክዳኑ አራት ኪሎ ገደማ ይሆናል» ስላት ሳቀችብኝ። «እኔ ቤት እንዳታመጣብኝ። አንጓዬን ያመኛል፤ የማይዘው መጥበሻ ይበቃኛል» አለች። ልክ ናት። ለእሷ ያ ቀላል ዕቃ ስንፍና አይደለም፤ ዕረፍት ነው። ዕድሜ ልኳን አሟሽታለች። ማንም፣ በተለይ እኔ፣ «የጥንቱ ይሻላል» ብዬ ልሰብክላት መብት የለኝም።

ስለዚህ ክርክሬ ይሄው ነው፣ አጭር ነው፦ የወደደ ያሟሽ። የብረት መጥበሻን ጥብስ ከወደድክ መጥበሻውን አንተ እጠበው። የሸክላ ድስት ከናፈቀህ ግዛና አንተ አሟሸው፤ እስኪሰነጠቅብህም ሞክረው፣ ያኔ ናፍቆትህ ቁም ነገር ይኖረዋል። «ጊዜ የለኝም» ካልክ ደግሞ ሦስት ደቂቃ መሆኑን ነግሬሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ የለህ ጊዜ ሳይሆን ፈቃድ ነው። ሁሉም ሰው ብረት ይግዛ አላልኩም። ያልተነሳህበትን ሲንክ ግን አትተርክልን እያልኩ ነው።

ያቺን የጋበዘችንን ልጅ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። «በይቅርታ አይታጠብም» አለችኝ፣ እየሳቀች። እሷም ልክ ናት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እራቱ እኔ ቤት ነው። ያው ሰዎች ይመጣሉ፣ ያው ክርክር ይነሳል። ጥብስ አለ። ስፖንጁ ሲንኩ ጎን ነው፣ ጨርቁና ዘይቱ ምድጃው ላይ።