ቁመቷን ስትለኩ የእናትና የአባቷንም ለኩ

አንዲት ልጅ ከእኩዮቿ አጥራ ስትቀር በእኛ ዘንድ መልሱ ቶሎ ይገኛል። «አያቷን መስላ ነው»፣ «ቆይታ ትመዘዛለች»፣ «እህል አትወድም» እንላለን። ብዙ ጊዜም የምግብ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል። መቀንጨር እንዲህ በበዛበት አገር በሌላ ምክንያት ያጠረች ልጅ ከብዙኃኑ መካከል ተሰውራ ትቀራለች። ተርነር ሲንድረም ያለባት ልጅ የምትጠፋብን እዚህ ላይ ነው።

ሴት ልጅ በተለምዶ ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች አሏት። በተርነር ሲንድረም አንደኛው ጨርሶ አይኖርም፣ ወይም ከፊሉ ይጎድላል፤ በአንዳንድ ሴሎቿ ውስጥ ብቻ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። በሕይወት ከሚወለዱ ከ2,000 እስከ 2,500 ሴት ልጆች መካከል በአንዷ ላይ ይታያል። በአጋጣሚ የሚደርስ ነው፤ እናት በእርግዝናዋ ወቅት የበላችው ወይም የሠራችው ነገር አያመጣውም። እንዲያውም በአብዛኞቹ ላይ የጎደለው ከአባት በኩል ይመጣ የነበረው ክሮሞሶም ነው። ይህን የማነሳው አባትን ለመውቀስ አይደለም። ልጅ በታመመች ቁጥር ጣት ወደ እናት የሚቀሰርበት ቤት ብዙ ስለሆነ ነው።

ልጆቹ የሚያጥሩት በዋናነት ለአጥንት ዕድገት ከሚያስፈልገው ሾክስ ከተባለው ጂን አንድ ቅጂ ስለሚጎድላቸው ነው። ሳይታከሙ ካደጉ ከአገራቸው ሴቶች አማካይ ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳሉ። የዕድገት ሆርሞን አብዛኛውን ጊዜ አይጎድላቸውም፤ ሆነም በሕክምናው የዚህ ሆርሞን መርፌ የሚሰጣቸው ሰውነታቸው በሚያመነጨው ላይ ጨምሮ አጥንቱን ለማነሳሳት ነው። በየምሽቱ፣ ለዓመታት፣ ከቆዳ ሥር ይወጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ በሆነ የካናዳ ጥናት፣ በዕጣ ተመድበው ሆርሞኑን የወሰዱ ልጃገረዶች ካልወሰዱት በአማካይ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል በልጠዋል።

ከዚህ አማካይ በስተጀርባ ግን ሰፊ ልዩነት አለ። አንዷ ብዙ ትጨምራለች፤ ሌላዋ ያንኑ መጠን በዚያው ዕድሜ ወስዳ ጥቂት ብቻ ታድጋለች። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከጂኖች ውስጥ ሲፈልጉ ቆይተዋል። ሆርሞኑ ሥራውን የሚጀምረው በሴሉ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገጣጠም ነው። የዚህ ተቀባይ ጂን በጤነኛ ሰዎች ላይም በሁለት መልክ ይገኛል፦ አንዱ ሙሉ ነው፣ ሌላው ኤክሶን 3 የሚባለው ክፍል የለውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሌላ ምክንያት ያጠሩ ልጆችን አጥንተው፣ ይህ ክፍል የሌለው ጂን ያላቸው ለሆርሞኑ የተሻለ ምላሽ እንደሚሰጡ ጻፉ። ትልቅ ተስፋ ተፈጠረ። ከዚያ በኋላ በተርነር ልጃገረዶች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን አልተስማሙም፤ አንዳንዱ ልዩነቱን አየ፣ አንዳንዱ አላየም። የሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት ከሁሉ የሚሰፋው አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ሳለ አፍሪካውያን ልጆች በእነዚህ ጥናቶች እምብዛም አለመታየታቸው ደግሞ ያሳስበኛል።

ስለዚህ የአንዲትን ልጅ ሕክምና በዚህ ጂን መወሰን፣ በእኔ እምነት፣ ጊዜው አልደረሰም። ሐኪሞች ውጤቱን የሚገምቱት ሕክምናው በተጀመረበት ዕድሜ፣ በመድኃኒቱ መጠን፣ በክብደቷ፣ በመጀመሪያው ዓመት ዕድገቷና በወላጆቿ ቁመት ነው። የወላጆቿን ቁመት ላስምርበት። ተርነር ያለባት ልጅም ብትሆን የረጃጅም ወላጆች ልጅ ከሆነች፣ ከአጫጭር ወላጆች ከተወለደችው የመርዘም ዕድሏ ይበልጣል። ይህ የዘር ልዩነት በሜትር የሚለካ ነው፤ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ለዚህም ነው መርፌውን በታማኝነት ስትወጋ የቆየችን ልጅ «አላደግሽም፣ መርፌውን እያስቀረሽ ነው» ብሎ መቆጣት ግፍ የሚሆነው።

ከጂን ይልቅ በእጃችን ያለው ጊዜ ነው። በአሜሪካ ከ9 ወር እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ተጀምሮ ሁለት ዓመት በዘለቀ ጥናት፣ ሆርሞኑን ያገኙት ወደ እኩዮቻቸው ቁመት ሲቃረቡ ያላገኙት ይበልጥ ወደ ኋላ ቀሩ። የወር አበባዋ ዘግይቶ፣ 15 ዓመት ሞልቷት ወደ ሐኪም የምትመጣ ልጅ ግን አጥንቷ ሊያድግ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

መድኃኒቱ ውድ ነው፤ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል። አቅም የሚያስመርጥ ከሆነ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ከቁመቷ በፊት ልቧ ይታይ። በተርነር ሲንድረም የዋናው ደም ቅዳ መጥበብና የልብ ቫልቭ ችግር በብዛት ይገኛል፤ ሕይወትን የሚያሳጥረውም ይኼ ነው። ኩላሊቷ፣ ጆሮዋና የታይሮይድ ዕጢዋም ይመርመሩ። በ11 ወይም በ12 ዓመቷ የሚጀመረው ኤስትሮጂን የተባለው የሴት ሆርሞንም አይዘግይባት።

እናቶችና አባቶች፣ ሴት ልጃችሁ ስትወለድ እጅና እግሯ አብጦ ከነበረ፣ የአንገቷ ቆዳ በጎንና በጎን ሰፋ ብሎ ወደ ትከሻዋ ከወረደ፣ በደንብ እየበላች ከእኩዮቿ እያጠረች ከሄደች፣ ወይም 13 ዓመት ሞልቷት ጡቷ ካላጎጠጎጠ፣ የሕፃናት ሐኪሟን የክሮሞሶም ምርመራ ጠይቁ። ምርመራው የሚሠራው ከጥቂት የደም ናሙና ነው።