547 ከየት መጣ?

"ቲቸር፣ የምርጫ ክልል ሰፋ ጠበበ ለእኛ ለቆቦ ሰዎች ምን ይፈይድልናል?" ብሎ በውስጥ መስመር የጻፈልኝ የቀድሞ ተማሪዬ መልሱን እዚሁ ያንብብ።

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንድ የምርጫ ወረዳ 200 ሺህ ያህል ሰው ይዞ ሁለት እንደራሴ ይልካል ተባለ። ዕጩ ለመሆን ግን ንብረት ያስፈልግ ስለነበር ድኃው የራያ ገበሬ ቢመርጥ እንጂ አይመረጥም። ደርግ በ1979 ባለ 835 ወንበር ሸንጎ አመጣ፤ ዕጩው ከላይ ተጠቁሞ ነው የሚወርድልን። እሱስ ይለፍ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የአሁኑ ነው። 547 የሚለው ቁጥር የመጣው በ1986 ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀው ጉባኤ ሲመረጥ ነው። የሕዝብ ቆጠራው ደግሞ ጥቅምት 1987! ልብሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ልኬታችን ተወሰደ። አንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ ተቆጥረን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በውጤቱ መሠረት የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ነው። በ2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች ተሰብስበው አራዘሙት፤ ይኸው እንደተራዘመ አለ።

ሒሳቡን ሥሩት። በ1987 ወደ 53 ሚሊዮን ነበርን፤ ለአንድ ወንበር 98 ሺህ ሰው ገደማ። በ1999 ወደ 74 ሚሊዮን፤ ለአንድ ወንበር 135 ሺህ። ወንበሩ ያው 547። ራያ ቆቦ ወረዳ ያኔ ከ220 ሺህ በላይ ሕዝብ ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ በ2013 ጦርነት ገባብን፣ ነሐሴ 2014 ደገመን። ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ወልዲያና ደሴ ቀረ? እኛን የሚወክለን ወረቀት ይህን ሁሉ አያውቅም።

ወሰኑስ? አላማጣና ቆቦ በአንድ አውራጃ ነበሩ። ከ1984 ወዲህ አንዱ ወደ ትግራይ፣ ሌላው ወደ አማራ ክልል ሲገባ የሁለቱንም ገበሬ የጠየቀ የለም። በ2013ቱ ምርጫ የትግራይ 38 ወንበሮች ባዶ ቀሩ፤ የአላማጣውም አብሮ። በሚኒባስ ሰዓት የማይሞላ መንገድ እኮ ነው!

"በጦርነት መሃል ምን ቆጠራ?" ትሉኛላችሁ። ቆጠራው በ2009 ነበር የሚደርሰው፤ ጦርነቱ ቆቦ የገባው በ2013። ደግሞ ኮሮጆ የሚገባበት ቀበሌ ቆጣሪ አይገባበትም?

ዕጩ ነኝ ብሎ የሚመጣውን ሁሉ ቆጠራው መቼ እንደሆነ ጠይቁት። "ሰላም ሲሰፍን" ካላችሁ፣ ታዲያ አንተን የምንመርጥህ በየትኛው ሰላም ነው በሉት።